ጅማ ላይ ጠብመንጃ ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እኔ ተበልቻለሁ፣ እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

አጎቴ ማና በኩል የቡና ማሳ አለው። ቡናው ሲቀላ ጦጣውም ሌባውም እኩል ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ሌሊቱን በዱላ መጠበቅ ሰልችቶታል። አንድ ጠብመንጃ እንግዛ ተባባልንና ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና ስንጠጣ ከአንድ ደላላ ጋር ተዋወቅን። አፉ ቅቤ ነው። "ሻጩም ወረቀቱም አለ፣ ስም ማዞር ብቻ ነው" አለን። የገዢው ሪከርድ ማጣራቱስ? ስንለው ኮስተር ብሎ "ማመልከቻው ከገባ በ3 ቀን መልስ ካልመጣ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ ሕጉ ነው" አለ። 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠነው። ያለ ደረሰኝ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

3 ቀን አለፈ። 3 ሳምንትም አለፈ። ስንደውል "ሲስተም የለም"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው"፣ በመጨረሻ "ለማፋጠኛ 5 ሺህ ጨምሩ"። ጨመርን።

የ3 ቀኑ ነገር ከየት እንደመጣ የገባኝ አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ ስነግራት ነው። ለካ የእነሱ ሕግ ነው! እዚያ በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ ኤፍቢአይ የገዢውን ሪከርድ የሚያጣራበት ሲስተም አለ፤ በ3 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ነጋዴው በራሱ ውሳኔ ሊሸጥ ይችላል፣ ያውም ይህን የማይፈቅዱ ስቴቶች አሉ። ገዢው የሞላው 4473 የሚባል ቅጽም ሻጩ ጋ ይቀመጣል። ሰውዬው ከዩቲዩብ የለቀመውን ነው ጅማ ላይ የሸጠልን።

እኛ ጋ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ወንጀል ነው። ማጣራቱ ከዘገየ ትጠብቃላችሁ፣ በቃ።

የባሰው ደግሞ ወረቀቱ ነበር። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው በሁለት አኃዝ ይለያያሉ፣ አጎቴ መነጽሩን ባያደርግ ኖሮ አይተንም አናየውም ነበር። ደላላው "የጸሐፊ ስህተት ነው" አለ። ያ ጠብመንጃ ከዚህ በፊት ሰው ተገድሎበት ቢሆንስ? እጁ ላይ የተገኘበት ሰው ነው የሚጠየቀው።

ስለዚህ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ራሳችሁ ከብረቱ ላይ ቅዱት። ማመልከቻ ስታስገቡ ማህተምና ቀን ያለበት ኮፒ ቤታችሁ ይቀመጥ፤ ከወራት በኋላ "ፋይሉ ጠፍቷል" ብትባሉ የምታሳዩት ይኖራችኋል። የመታወቂያ ኮፒ ለደላላ እንዳትሰጡ። እኔ ሰጥቻለሁ፣ በስሜ ምን እንደተጻፈበት እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

25 ሺሁ? ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አጎቴ አሁንም በዱላ ነው የሚጠብቀው።