ባለ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? ኤርፎን ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰሞኑን ከታናሽ እህቴ ጋር ኤርፎን ፍለጋ ደሴ ፒያሳ ያሉትን ሞባይል ቤቶች አዳረስናቸው። ሻጮቹ ቀድመው የሚያወጡት ብሉቱዙን ነው፤ ባለ ገመዱን "ጊዜው አልፎበታል" ይሉታል። እኔ ግን ዋጋቸው እኩል የሆነ አንድ አንድ አስወጣሁና ያንኑ አምባሰል በየተራ ከፈትንባቸው። በባለ ገመዱ ደጋኑ የመሰንቆውን ጭራ ሲፍቀው ሸካራነቱ ሳይቀር ይሰማል። በብሉቱዙ ቤዙ ያጓራል፣ መሰንቆው ታፍኗል።

አይገርምም። የብሉቱዙ ዋጋ ለባትሪው፣ ለቺፑ፣ ለቻርጅ ሳጥኑ ተከፋፍሎ ነው ለድምፁ የሚተርፈው። በዚያ ላይ ብሉቱዝ ሙዚቃውን ጨምቆ ነው የሚልከው። የሲዲ ጥራት በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው፤ የተለመደው ኤስቢሲ የሚባለው መጭመቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ328 አያልፍም። የሶኒው ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል፣ ስልኩም ኤርፎኑም ካወቁት። አይፎን አያውቀውም።

ግን እውነቱን እናውራ፦ የምትሰሙት ከቴሌግራም የወረደ ባለ 128 ኪሎቢት ዘፈን ከሆነ ድሮም የተጨመቀ ነው። በመጨመቁ የጠፋውን ድምፅ ገመዱ አይመልሰውም።

ጌም የምትጫወቱ ከሆነ አትከራከሩኝ፣ ባለ ገመድ ግዙ። በብሉቱዝ ተኩሱ ከታየ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው። ስልክ ስታወሩም ማይኩ ሲከፈት የብሉቱዙ ድምፅ ይወርዳል፣ ብዙ ሰው ተበላሽቶ ይመስለዋል።

ብሉቱዝ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። ኮምቦልቻ ሥራ ያለው፣ በየቀኑ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት የሚወርድና የሚወጣ ሰው ጩኸት የሚቀንሰውን ዓይነት ቢገዛ አይቆጨውም፤ ዳገቱ ላይ የሚያጓራውን ሞተር ያለዝብለታል፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ጆሮውን ከመጉዳትም ይድናል። የረዳቱን ጩኸት ግን ያን ያህል አይቀንስለትም። ዋናው ጣጣ የኤርፎኑ አንዱ ጆሮ ወንበር ሥር ከገባ ነው። የእኔ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል፣ ሌላኛው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ባለ ገመዱ ደግሞ ጃኩ አንገት ላይ ነው የሚበጠሰው። ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ እንዳለው ሳታዩ አትክፈሉ፤ ከሌለው ታይፕ ሲ የሆነውን ጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ መጀመሪያ ለጆሯችሁ ልክ የሆነውን ጎማ አድርጉ። ጎማው ካልገጠመ ቤዙ ይጠፋል፣ ደህናውን ዕቃ "ይሄማ ኮፒ ነው" ብላችሁ ትመልሳላችሁ። እህቴ ልትመልሰው ነበር። በትንሹ ጎማ ስንቀይርላት ባለ ገመዱን ይዛ ወጣች።