ቮልስ ወይስ አይዲ 4? አዳማ ላይ ሆኖ መምረጥ

አንድ ወዳጄ ፍራንኮ አካባቢ ለሽያጭ የቆመች ቮልስ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ሚስቱ ደግሞ የኤሌክትሪኳን አይዲ 4 ነው የምትለው። ሁለቱም የቮልስዋገን ልጆች ናቸው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ በሳምንት ስንት ቀን አዲስ አበባ ትወጣለህ?

ለአዳማ ውስጥ ቮልስ ትበቃለች። ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ በዚህ ሙቀት «ውሃ ፈላብኝ» የሚባል ጣጣ የለም። ግን ፋኑንም ዲናሞውንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ሲበጠስ ቀይ መብራት ይበራል። ያኔ «ቤት ልድረስ» አይባልም፤ እዚያው ቁሙ። ትርፍ ቺንጋ ከመኪናዋ አይጥፋ።

ስትገዙ ቀለሟ አያታልላችሁ። የኋላውን ወንበር አንሱ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ላሜራውን ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የዞረበትን የታችኛውን ፑሊ ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። ቋ ቋ ካለ ሞተሩ ሊወርድ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተደራደሩ። የቤንዚን ጎማዎቹን ደግሞ አደራ! ደርቀው ከተሰነጠቁ ሞተሩ ላይ ያንጠባጥባሉ። ስንት ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ባለ 1300 ሲሲዋ ቮልስ ያላት ጉልበት 40 ፈረስ ገደማ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ዳገቱ ሲመጣ ከኋላ የሚደርስባችሁን ከባድ መኪና አስቡት። ኤርባግ የለም። የቤንዚን ታንከሯም ፊት ለፊት ነው። እኔ ልጆች ጭኜ አልወጣባትም።

አይዲ 4 ይህን ዳገት አታውቀውም። ባለ አንድ ሞተሯ እንኳ 200 ፈረስ ገደማ አላት። ደርሶ መልሱን 200 ኪሎ ሜትር በአንድ ቻርጅ ትጨርሳለች። ወደ አዳማ ስትወርዱ ደግሞ ፍጥነቷን ስትቀንስ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች።

የእሷ ጣጣ ቤት ውስጥ ነው። ትልቁ ባትሪዋ 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። በተራ ሶኬት ባዶውን ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ካስገባችሁ ግን ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ትነሳላችሁ። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የቤታችሁን መስመር በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ቀድማችሁ አናግሩ። ከቻይና የገባች ከሆነች የቻርጅ ቀዳዳዋም የቻይና ስለሆነ ከቻርጀሩ ጋር መግጠሙን እዩ።

ወዳጄ በሳምንት ሦስት ቀን ይመላለሳል። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር ወገንኩ። ቅዳሜ ግን ፍራንኮ አብረን ሄደን የቮልሷን ወንበር እናነሳለን። ወለሏ ደህና ከሆነ ለሶደሬ መንገድ ትሆናለች።