አሮጌ ሳክስፎን፦ አሳድሶ ወይስ እንዳለ መሸጥ?

ደሴ ውስጥ ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ሳክስፎን መሸጥ የፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ አሳድሶ ወይም እንዳለ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

መጀመሪያ ግን ማንነቱን እወቁ። የቀኝ አውራ ጣት ከሚያርፍበት ቆልማማ ብረት በታች የተቀረጸ ቁጥር አለ። የተሠራበት ዘመን የሚታወቀው በሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፈረንሳዩ ሰልመር ማርክ 6 ዛሬም እጅግ ተፈላጊ ነው።

ማሳደስ ሲባል ብዙዎች ማስወልወልና አዲስ ቫርኒሽ ማስቀባት ይመስላቸዋል። ኧረ ተዉት! ብረቱ ይሳሳል፣ የተቀረጸበት ጌጥ ይደበዝዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሰብሳቢ የሚፈልገው የጥንቱን ቫርኒሽ ነው፤ የተላላጠም ቢሆን።

ፓድ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዘጋ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ለስላሳ ክዳን፣ ማስቀየር ሌላ ጉዳይ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ ቱቦው አስገቡና ቁልፎቹን ዝጉ። በፓዱ ጠርዝ ብርሃን ካፈተለከ አየር ያስወጣል። ገዢው አምባሰልን ሲሞክር ወፍራሞቹ ድምፆች እምቢ ይሉታል። ሰልመር ከሆነ አዲስ አበባም ድረስ ቢሆን ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ያዋጣል። ተራ የተማሪ ሳክስፎን ግን ወጪውን አይመልስም። አቧራውን ጠርጋችሁ፣ ጉድለቱን ሳትደብቁ ሽጡት።