ኡዌኖ ወይስ ኦሞቴሳንዶ? ግማሽ ቀን በቶኪዮ ሰፈሮች ለሥነ ሕንፃ አፍቃሪዎች

ኡዌኖ፦ አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚየ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የምዕራባውያን ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በፓሪስ አብሮት የሠራው ኩኒዮ ማዬካዋ በ1961 ካጠናቀቀው የሙዚቃ አዳራሽ ፊት ለፊት ስለሚገኝ፣ መምህሩንና ደቀ መዝሙሩን በአንድ እይታ ማነጻጸር ይቻላል፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ሆኖም ሙዚየሙ ሰኞ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ የውስጡን ዐውደ ርእይ ለማየትም ትኬት ያስፈልጋል።

ኦሞቴሳንዶ፦ ወጪው ከባቡር ሒሳብ አያልፍም። ቶዮ ኢቶ በ2004 የዛፍ ቅርንጫፍ በሚመስል ኮንክሪት ያቆመው ሕንፃና የ2003ቱ የፕራዳ መስታወት ሕንፃ በእግር ይደረስባቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሕዝቡ ፎቶ አያስነሣም።

የዘመናዊነትን መነሻ የሚያጠና ኡዌኖን፣ ገንዘቡን የሚቆጥብ ወይም ሰኞ የደረሰ ኦሞቴሳንዶን ይምረጥ። ዝናብ ከጣለ አርክቴክቱ ታዳኦ አንዶ የነደፈው የገበያ ማዕከል፣ የኦሞቴሳንዶ ሂልስ፣ የውስጥ መወጣጫ መጠለያም ነው።