ስልክ ሲንቀራፈፍ፦ ምክንያቱን መፈለግ ወይስ ሪሴት ማድረግ?

ስልኬ ድንገት መንቀራፈፍ ጀመረ። ኪቦርዱ እንኳ ፊደል እስኪያወጣ ያስጠብቃል። ሁለት ምሽት ሴቲንግ ውስጥ ስዳክር አመሸሁ። በሦስተኛው ሪሴት አድርጌ፣ ማለትም ስልኩን ወደ አዲስነቱ መልሼ፣ ሁሉንም ጠረግኩት።

መፈለግ፦ ገንዘብ አያስወጣም፣ ጊዜ ግን ይበላል። ምንም አይጠፋም። መጀመሪያ ስቶሬጁ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ስልኩ የጫናችኋቸውን አፖች ሳያሠራ የሚነሣበት ሁኔታ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ለማጥፋት የሚመጣውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ ይመጣል። እዚያ ከፈጠነ፣ ጥፋተኛው የጫናችሁት አፕ ሳይሆን አይቀርም። በቅርብ ከጫናችሁት ጀምራችሁ አፖቹን አንድ በአንድ አጥፉ።

ሪሴት፦ ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ አበሳው መልሶ ማደራጀቱ ላይ ነው። የቴሌግራም መልእክት ስትገቡ ይመለሳል፣ ሚስጥራዊ ቻቱ ግን አይመለስም። ዋትሳፕ ባክአፕ ከሌለው ደህና ሰንብት በሉት። ፎቶ ሳትገለብጡ እንዳትነኩት። የጂሜይል ፓስዎርዳችሁንም ያዙ፣ ስልኩ ሊጠይቃችሁ ይችላል። (እኔ ረስቼው ግማሽ ቀን ላቤ ጠብ አለ።)

አንድ ምሽት ፈልጋችሁ ፍንጭ ካጣችሁና ፎቶው ሌላ ቦታ ካለ፣ ሪሴት ይሻላል። ችግሩ አንድ አፕ ስትከፍቱ ብቻ ከመጣ ፍለጋው ያዋጣል። ባትሪው ካበጠ ግን ሁለቱንም ተዉት፤ አጥፍታችሁ ስልክ ሠሪ ጋ ውሰዱት።