«ኦቨርስላግ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ

ወገን፣ ይሄን የምጽፈው ገና ሳልረጋጋ ነው። ቤቴን እንዲያድስ የቀጠርኩት ሰውዬ ከቤቴ ከወጣ ሦስት ሰዓት አልሞላውም። ቡና የጠጣበት ሲኒ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ባለቤቴ «አንተ ያመጣኸውን እንግዳ ሲኒ አንተ እጠብ» ብላኝ ለማታ ፈረቃ ወጥታለች። አላጠብኩትም። ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው።

የኮፐንሃገን ኪራይ አንገሽግሿችሁ ገጠር ወጥታችሁ አሮጌ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይ ገዝታችሁ ልታድሱ የተነሳችሁ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው።

እኛ የገዛነው ከሪንግስቴድ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ በ1934 የተሠራ ቀይ የጡብ ቤት ነው። ሒሳቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2019 በኮጌ በኩል አዲሱ መስመር ከተከፈተ ወዲህ ባቡሩ ይፈጥናል፣ ቤቱ ከከተማው በብዙ ይረክሳል፣ ልጆች ግቢ ያገኛሉ፣ እኛም ጎመን እንተክላለን። ጎመኑስ በቅሏል። ምድር ቤቱ ግን ይሸታል። ስንገዛ ቲልስታንስራፖርቱ (የቤቱ ሁኔታ ምርመራ ሪፖርት) ላይ «እርጥበት» ተብሎ በቢጫ ተጽፎ ነበር፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ጉድለት ደግሞ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አይተህ ነው የገዛኸው፣ አለቀ። ስለዚህ ከኪሳችን ልናሠራው ተነሳን፦ ቤቱን ዙሪያውን እስከ መሠረቱ ቆፍሮ፣ ግድግዳውን ከውጭ ሸፍኖ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ ዘርግቶ ውሃውን ማራቅ። ድሬን የሚሉት ነው።

የሰውዬውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ነጭ ቫን፣ ከጆሮ ላይ የማይወርድ እርሳስ፣ የመጀመሪያ ቀን በሰዓቱ ከች፣ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር፣ «ባረ ሮሊ፣ ባረ ሮሊ»። አይዞህ፣ ምን ያስጨንቅሃል እንደማለት። ዋጋ ስጠይቀው ባለቤቴ ባለችበት «መቶ ሃያ» አለ። ሺህ ክሮነር ማለቱ ነው። «ከዚያ ያልፋል?» አልኩት። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁን ሳስበው አያልፍም አላለም፤ የሳቀው እሱ ነው፣ «አያልፍም» ብዬ የተረጎምኩት እኔ። በማግስቱ አንድ ገጽ ወረቀት ላከ፣ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጅልነት። እኔ እኮ የደብዳቤ ሰው ነኝ! ከኮሙኑ፣ ከግብር ቢሮ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። 11 ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳነብ ኖሬ የራሴን አንድ ገጽ እንደ ጋዜጣ ገረፍ አድርጌ አለፍኩ። ቁጥሩን አየሁ፣ 120 ሺህ ይላል፣ ልክ ነው፣ ፈረምኩ። ከቁጥሩ በላይ በደማቁ የተጻፈችውን ቃል አላየሁም ብል ውሸቴን ነው። አይቻታለሁ። ያው የዋጋ ወረቀት ማለት ነው ብዬ ነው ያለፍኳት።

ከዕቁብ የወጣውን 60 ሺህ በቅድሚያ ከፈልኩ። ግማሽ ላይ 40 ሺህ ጨመርኩ። የቀረችውን 20 ሺህ ለብቻዋ አስቀምጬ፣ ሥራው እስኪያልቅ አልነካኋትም። ሥራው ያለቀው ከተባለው አምስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። በመሐል ስልክ አያነሳም፣ ጓሮው የጦር ምሽግ መስሎ ከረመ፣ ልጄ አንድ ጫማዋን እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀብራለች። ይሄን ሁሉ ችለናል። ሃንድቬርከር (የእጅ ሙያተኛ) ያው ነው አልን።

ዛሬ ከሰዓት ረዳቱን አስከትሎ መጣ። ረዳቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሙያ ለማጅ። ልጁ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ጌትዬው በነጭቃ ቡቱ ገብቶ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተዘረጋ። ባለቤቴ የሥራው ማብቂያ ነው ብላ ቡና አፍልታ ነበር፣ ፈንዲሻም አለ። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ «ይሄ ነው ቡና ማለት!» እያለ። በረካው ላይ ነው ቦርሳውን የከፈተው።

ደረሰኙን ገፋ አደረገልኝ። ከታች «የሚከፈል» የሚለው ጋ 110.500 ይላል። እኔ ደግሞ 11 ሺህ ከምናምን መስሎኝ፣ ከጠበቅኩት ቀነሰልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር! ፈገግ ሁሉ ብያለሁ። ከዚያ ነጥቧ (እዚህ ሺህን የምትለየው) የት እንዳለች አየሁ። ዜሮዎቹን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ወደ ላይ ሄድኩ፦ ጠቅላላ ሥራ 168.400፣ ሞምስ (የተጨማሪ እሴት ታክስ) 42.100፣ ድምር 210.500፣ የተከፈለ 100.000።

«ተሳስተሃል መሰለኝ» አልኩት። «የተስማማነው መቶ ሃያ ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያቺን የፈረምኩባትን ወረቀት ከቦርሳው አወጣና ወደኔ አዙሮ ዘረጋት። ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው፣ ከላይ ነው ያስቀመጣት። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ሦስት ክብ አከበበ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ። አንደኛው ክብ ውስጥ «ኦቨርስላግ»። ሁለተኛው ውስጥ ከቁጥሩ በፊት ያለችው «ሲርካ»፣ ገደማ ማለት ናት። ሦስተኛው ከታች በደቃቁ «ሞምስን ሳይጨምር»። ከዚያ እስከ ዛሬ በዴንማርክኛ ስናወራ የከረምን ሰዎች ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ቀየረና፣ ለሕፃን እንደሚያወሩ እያንዳንዷን ቃል እየጎተተ፣ ቲልቡድ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ኦቨርስላግ ግምት ነው፣ አንተ የፈረምከው ግምት ላይ ነው አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለቋንቋው አዲስ ለሆነ ሰው ይከብዳል።»

አሥራ አንድ ዓመት! ቲልቡድ የምትለዋን ቃል ደግሞ እኔ አላውቃት! በየሱፐርማርኬቱ ቢጫ ወረቀት ላይ በየቀኑ የማያት ቃል ናት፣ ቅናሽ ዶሮ ሲኖር የምሮጥባት። እሷ ወረቀቱ ላይ እንደሌለች አላስተዋልኩም፣ ይሄው ነው።

ለማጁ ልጅ ካልሲውን እያየ ነበር። አንዴም ቀና አላለም። እሱ ያቺን ሦስት ክብ ከዚህ በፊትም ሌላ ቤት አይቷታል፣ በዚህ እምላለሁ።

ጭማሪው ምንድነው አልኩ። አፈር ማጓጓዣ 17.600። «ስንቆፍር ያገኘነው» የተሰበረ የሸክላ ቱቦ 9.500። ምድር ቤቱን ከውስጥ መለሰንና መቀባት 14.500። «ልዩ ልዩ» 6.800። ልዩ ልዩ! የኔ ጌታ፣ ይሄ ልዩ ልዩ የኔ እናት በስንት ወር የማትጨርሰው ገንዘብ ነው።

የውስጡን ልስን ማንም አላዘዘውም። ይባስ ብሎ በሲሚንቶ ለስኖ በፕላስቲክ ቀለም ነው የቀባው። ጎረቤቴ ሽማግሌው ዴንማርካዊ ባለፈው ሳምንት ወርዶ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። የዚህ ዘመን ቤት ጡቡም መገጣጠሚያ ኖራውም ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶና ፕላስቲክ ስትደፍንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል አለኝ። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ተጠበሰ ቆዳ ተላጠ፣ ከሥሩ ነጭ ጨው። ሦስት ሳምንት ያልሞላው ሥራ ነው። «ቱቦውንስ የነካው ክሎአክመስተር ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። የፍሳሽ ቱቦ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚነካው፣ እኔ ግን ፈቃድህን አሳየኝ ብዬው አላውቅም። አፍሬው። ማን ማንን እንደሚያፍር!

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «80 በጥሬው ከሰጠኸኝ እንጨርሰው፣ ያለ ሞምስ» አለኝ። ይቺን እንኳን አውቅ ነበር። ከ8,000 ክሮነር በላይ የሆነን ደረሰኝ በጥሬው ከከፈልክ፣ እሱ ግብሩን ሲያስቀር አንተም አብረህ ትጠየቅበታለህ። እምቢ አልኩ። «በ8 ቀን ውስጥ» አለና ሄደ። የቡቱ ጭቃ ኮሪደሩ ላይ አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ ይዟል፤ ሞኙ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ሲኒ ያያል።

ጓደኛዬን ደውዬ ሳማክረው የማልከራከርበትን 20 ሺህ ክፈል፣ የቀረውን እንደማትቀበል በጽሑፍ አሳውቅ፣ ከዚያ ወደ ቢገሪየትስ አንከኔውን (የግንባታ ሥራ አቤቱታ ሰሚ ቦርድ) ክሰስ ብሎኛል። ማመልከቻው ያስከፍላል፣ ከረታህ ይመለሳል። ግምት ማለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት እንዳልሆነና፣ ለሸማች ሞምስ የሌለበት ዋጋ መጻፍም ትክክል እንዳልሆነ ነግሮኛል። ተስፋ አለ ይላል። እኔ አሁን ተስፋ የማደርግበት ሆድ የለኝም።

እናንተ ግን ወረቀቱ ላይ «ቲልቡድ» እና «ሞምስን ጨምሮ» የሚሉትን ሳታዩ ብዕር እንዳታነሱ። ጭማሪ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ዋጋው በኤስኤምኤስም ቢሆን ተጽፎ ይምጣ። የሲቪአር (የንግድ ምዝገባ) ቁጥሩን ፈትሹ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። አሮጌ ቤት ከሆነ ስለ ኖራ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ወደ አንከኔውን አቤት ያለ፣ ወይም በዚህ በሺላንድ በኩል ይቺን የሦስት ክብ ትምህርት የተማረ ሰው ካለ በውስጥ ጻፉልኝ። ስምንት ቀን ነው ያለኝ፣ አንዱ ሊያልቅ ነው።