ጉፊ ወይስ በግስ በኒ? ሁለት የቤዝቦል ካርቱኖች

ቤዝቦል ለማያውቅ ልጅ የትኛውን ላሳየው? በዲዝኒው ውሻ በጉፊ ካርቱን (እ.ኤ.አ. 1942) ተራኪው እንደ መምህር ረጋ ብሎ ሕጉን ያስረዳል፤ ሜዳው ላይ ያሉት ተጫዋቾች፣ ሁሉም ጉፊዎች፣ ደግሞ ያንኑ ሕግ ያተራምሱታል። ሳቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ጨዋታውም በመጠኑ ይገባል።

የዋርነር ብራዘርስ በግስ በኒ (1946፣ ዳይሬክተሩ ፍሪዝ ፍሬሌንግ) ግን ለማስረዳት አይሞክርም። ጥንቸሉ በግስ ብቻውን የቡድኑን ዘጠኙንም የተጫዋች ቦታ ይዞ፣ ጎሪላዎች የተባሉትን ግዙፍ ተጫዋቾች ይገጥማል። አንዷ ኳስ እየተንቀረፈፈች ስትመጣ ሦስት መቺዎች ተራ በተራ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ዱላቸውን ይሰነዝራሉ። አንዳቸውም አይነኳትም! ስንት ጊዜ አይቻት ዛሬም ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ስለዚህ በግስን አስቀድማለሁ። ሕጉን ባያውቅም፣ ብቻውን የቆመው ማን እንደሆነ ልጁ ወዲያው ያያል፤ ጉፊን በማግስቱ አሳየዋለሁ።